ከአራት ሳምንት በላይ

ኤክስማውዝ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2014

ለኢቮ ራዲች
በመርከብ ናንካራ ላይ

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን ለመስማት አልጓጓም። ቤቱ ደህና ነው። ታምሲን ደህና ናት። ሆዷ ገፍቷል፣ ወገቧን ያማታል፣ ማንጎ በጨው ትበላለች።

ለጠየቅኸው ነገር መልሴ አይሆንም ነው።

ሴት ልጄን መልእክተኛ ባታደርጋት ደግሞ ጥሩ ነበር። ማክሰኞ ከመርከቧ ወርጄ ጫማዬን ሳላወልቅ «አባዬ፣ ኢቮ አንድ ነገር ለምኚልኝ ብሎኛል» አለችኝ።

«እሱ አፍ የለውም?» አልኳት።

«አፍማ አለው። ጆሮ የሌለህ አንተ ነህ» አለች።

ስለዚህ በጽሑፍ እመልስልሃለሁ። በጽሑፍ የተባለ ነገር በኋላ አይጠማዘዝም።

የምትለው ይህ ነው፦ ሕፃኑ የሚወለደው በኤፕሪል ነው፤ ኤፕሪል ደግሞ ያንተ የባሕር ተራ ነው። ስለዚህ የእኔን የማርች ተራ አንተ ሠርተህ፣ ያንተን ኤፕሪል እኔ እንድሠራልህ ትፈልጋለህ። ይህ ማለት ፌብሩዋሪንና ማርችን አንድ ላይ ባሕር ላይ ልትከርም ነው። ስምንት ሳምንት። «አራት ሳምንት ሥራ፣ አራት ሳምንት ቤት» የሚለው አንቀጽ ከሰማይ አልወረደም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጋዝ ፋብሪካው ግንባታ በር ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ አድማ መትተን ቆመን ያመጣነው ነው። አንተ ያን ጊዜ የት እንደነበርክ ታውቃለህ። ኩባንያው ለየብቻችን ያዘጋጀውን ውል ፈርመህ በአውቶቡስ በፊታችን አልፈህ ገባህ። እኔ በመስኮቱ አየሁህ። አንተም አየኸኝ።

አድማ ሰባሪ ካለበት ገበታ አልቀርብም። አባቴም አልቀረበም። ታምሲን አንተን ባገባች ጊዜ ሠርግህ ላይ ቆሜ ነው የዋልኩት፤ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም። ኩባንያው ሁለታችንን በአንዲት መርከብ ክሬን ላይ ሲመድበን፣ ተራችን እንዳይገናኝ የጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ። አንተ ባሕር ላይ ስትሆን እኔ ከልጄ ጋር ቤት ነኝ፤ እኔ ስወጣ አንተ ትገባለህ። አንድ ቤት እንኖራለን፣ መርከቧ ላይ አንድ ካቢን ውስጥ በአንድ አልጋ በየተራ እንተኛለን፤ ገበታ ግን ተጋርተን አናውቅም። ይህ አሠራር ያለ ጠብ አኑሮናል። አታበላሸው።

ሁለተኛውን ምክንያቴን አልደብቅህም። ናንካራ የተመደበችበት የባሕር ነዳጅ መስክ፣ ዶተረል፣ የሚከፈተው በማርች ነው። የዚያን መስክ የመጀመሪያ ጉድጓድ ስንቆፍር፣ ከሃያ አንድ ዓመት በፊት፣ እኔ የቆፋሪዋ መርከብ የወለል ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ኪሎ ሜትር ውሃ፣ ከውሃው በታች ሁለት ኪሎ ሜትር ድንጋይ። ነዳጅ ዘይቱን በጠርሙስ አየሁት፤ ማር ይመስላል። በማግስቱ አለቆቹ «ለሚስታችሁም እንዳትናገሩ» አሉን፣ ከዚያ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ድፈኑት አሉን። ደፈንነው። ሲሚንቶውን ካወረዱት እጆች ሁለቱ የእኔ ናቸው። መስኩ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲሸጥ፣ ሲረሳ፣ እንደገና ሲታወስ ዕድሜዬ አለቀ። ዛሬ የሚከፈቱት ጉድጓዶች አዳዲስ ናቸው፤ ዘይቱ ግን ያው ዘይት ነው። ከዚያ ቡድን በሥራ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ በጁን ጡረታ እወጣለሁ። የመጀመሪያው ዘይት ሲመጣና ትርፉ ጋዝ የሚቃጠልበት ችቦ ሲለኮስ መርከቧ ላይ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ። ከኩባንያ የምፈልገው ሌላ ነገር የለኝም።

ማርች የእኔ ነው። ኤፕሪል ያንተ ነው። ተራ ተራ ነው።

መርቪን ፓስኮ


ናንካራ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2014

ለተከበሩ አቶ ፓስኮ

ደብዳቤዎ ከነሰላምታው ደርሶኛል።

ስለ ቁልፉ በታምሲን በኩል ለጠየቁት፣ የጓሮው መጋዘን ቁልፍ የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ሳጥኑን ሲከፍቱ የእኔን መፍቻዎች እንደ እርስዎ መፍቻ በቁመታቸው አይደርድሯቸው። እኔ በምፈልገው ቦታ ነው ያስቀመጥኳቸው። የክሬኑንም ወንበር እንዲሁ። በየወሩ ስመጣ ጉልበቴ አገጬን እስኪነካ ድረስ ዝቅ ብሎ፣ ክፍሉም የጉልበት ቅባትዎን ሸትቶ ይጠብቀኛል። አንድ ሰው ሳይኖር እንዴት ይህን ያህል እንደሚኖር ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

መልስዎን ለማንም አላወራሁም፤ ግን በዚህች መርከብ ላይ ማስነጠስም ይሰማል። ወጥ ቤቱ ኔቪል ሾርባዬን እየቀዳ «ሽማግሌው ምን አለ?» አለኝ።

«አይሆንም አለ።»

«ምን ጠብቀህ ነበር? ያ ሰው አዎ የሚለው በዓመት አንዴ፣ ገና በዓል ላይ ነው። ያውም ከጣፋጩ ፑዲንግ ልጨምርልህ ሲሉት።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ካቢናችን ገብቼ ደብዳቤዎን እንደገና አነበብኩት።

መርህዎን አከብረው ነበር፤ ሁልጊዜ ለእርስዎ የሚያደላ ባይሆን። ማርች ዘይት ያለበት ወር ስለሆነ አንቀጹ ጠነከረ። ዘይቱ በኤፕሪል ቢሆን ኖሮ አንቀጹን እንዴት እንደሚያነቡት ለማየት ብዙ እከፍል ነበር።

በአውቶቡሱ አልፌያለሁ። ፈርሜያለሁ። ለምን እንደፈረምኩ በዚህ ሁሉ ዓመት አልነገርኩዎትም፣ ዛሬም አልነግርዎትም። ምክንያት የሚደረድር ሰው ይቅርታ የሚለምን ሰው ነው፤ እኔ ይቅርታ አለምንም። ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ ዛሬም እፈርማለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ ዜናውን ሰው በሬዲዮ ይነግረኛል። እርስዎ ደግሞ ቤት ውስጥ ሆነው ያቅፉታል። በእጅዎ ሲይዙት ይህንን ያስታውሱ።

ሁለተኛ አልጠይቅዎትም።

ኢቮ


ናንካራ፣ ማርች 20 ቀን 2014

ለኢቮ ራዲች

አዎ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ስለ ሳይክሎኑ አውሎ ነፋስ በዜና የሰማኸው እውነት ነው፤ ኤክስማውዝ መጠጥ ቤት የሰማኸው ውሸት ነው። ማንም አልተጎዳም። ለታምሲን ንገራት።

ነፋሱ ወደ እኛ መዞሩ ሲታወቅ፣ ከባሕሩ ወለል የሚመጡትን ቱቦዎች ሰብስቦ የያዘውን ቦያ፣ ትልቁን ተንሳፋፊ ብረት፣ ከመርከቧ ሆድ ፈትተን ለቀቅነው። እንደተሠራለት ወደ ውሃው ውስጥ ገብቶ ቱቦዎቹን እንደያዘ ተንሳፈፈ፤ እኛም ወደ ምዕራብ ሸሸን። ኔቪል እራቱን ሲያቀርብ «ዛሬ ማንም አይነሳ፣ ምግቡ ራሱ ይመጣላችኋል» አለ፤ መጣም፣ በግድግዳው በኩል። ከነፋሱ በኋላ ተመልሰን ቦያውን ጎተትነው፤ አልያዘም። ከማያያዣዎቹ አንዱ ተጣሟል። ምትኩ ከሲንጋፖር ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ዶተረል በማርች አይከፈትም። በኤፕሪል አጋማሽ ነው የሚሉት። በአንተ ተራ።

ፊትህን ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ሳቅና ስትጨርስ ንባብህን ቀጥል።

ለእኔ ሳይሆን ለመርከቧ ኃላፊ ለዴስ ማሎይ የጻፍከውን፣ እሱ ቢሮው ጠርቶ አነበበልኝ።

«ተቀመጥ መርቭ» አለኝ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ልጁ ያለው ጥሩ ነገር ነው። እሱ ቤቱ ይቆይ፣ አንተ ኤፕሪልንም እዚሁ ሥራ። አንተ ዘይትህን ታያለህ፣ እሱ ልጁን ያያል፣ እኔ ክሬን ነጂ አገኛለሁ። በዚህች መርከብ ላይ ሦስት ሰው አንድ ጊዜ የተደሰተበትን ቀን አላስታውስም።»

«አራት ሳምንቱስ?»

«አንተ ራስህ ተስማምተህ ከፈረምክ አንቀጹ ይነሳል። እነሆ ወረቀቱ። አንድ ፊርማ ብቻ ነው።»

«ያን ጊዜም አንድ ፊርማ ብቻ ነበር» አልኩት።

ዴስ በዚያ አድማ ጊዜ ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም፤ አልገባውም። አንተ ግን ይገባሃል። እኛን የከፋፈሉን በፖሊስ አይደለም። አንድ በአንድ እየጠሩ «አንተ ራስህ ከተስማማህ» እያሉ ነው። ያንን አንቀጽ ያመጡ ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል። እኔ ዘይት ለማየት ብዬ በስማቸው ላይ አልፈርምም።

ደግሞም በፌብሩዋሪ ላንተ አይሆንም ያልኩትን በማርች ለራሴ ይሆናል ብል፣ ያንተ ስድብ ሁሉ እውነት ሆነ ማለት ነው። ሲመቸኝ የምለብሰው፣ ሲሞቀኝ የማወልቀው ከሆነ ካፖርት እንጂ ሕግ አይደለም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ዘይቱን አንተ ታየዋለህ። እኔ አላየውም። ይህን የጻፍኩት እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ሂሳቡን እንድታውቀው ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል አንድ፣ በሰዓትህ ተገኝ።

መርቪን ፓስኮ


ኤክስማውዝ፣ ማርች 25 ቀን 2014

ለአቶ ፓስኮ

አልሳቅሁም።

ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ ለታምሲን አነበብኩላት፤ እግሯ ስላበጠ ሶፋው ላይ አንስታ አስቀምጣው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «አባዬ ከሠራተኛ ማኅበሩ ቀጥሎ የሚወደው እኔን ይመስለኝ ነበር» አለች። «አሁን ሳየው ከማኅበሩም፣ ከሞቱት የማኅበሩ ሰዎችም ቀጥሎ ነኝ።» ሳቀች። ሳቁ በመሃል ተቋረጠባት።

እኔ እርስዎን እጠላዎት ነበር፤ ግን ይገቡኝ ነበር። አሁን አይገቡኝም። በፌብሩዋሪ አይሆንም ሲሉ ለራስዎ ሲሉ ነው ብዬ ነበር፤ ለራሱ የሚያደላ ሰው ደግሞ ሰው ነው። አሁን የሚፈልጉት ነገር በእጅዎ ገብቶ፣ እኔም የምፈልገው በዚያው እጅ ላይ ሆኖ፣ እጅዎን ጨበጡት። ማንን ሊጎዱ? እኔን ለመጉዳት ብለው ልጅዎን ነው የመቱት።

እናቴ ከስፒርውድ ደውላ ነበር። «ያ ሰውዬ ድንጋይ ነው?» አለችኝ።

«ድንጋይማ ቢሆን ይቆፈር ነበር፣ እማዬ» አልኳት።

ብቀርስ ብዬ አስቤያለሁ። ብቀር፣ ጉድጓዱ ሊከፈት ሲል መርከቧን ያለ ክሬን ነጂ ጥሎ የጠፋ ሰው እባላለሁ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ጀልባ እንኳ የሚያስነዳኝ አይኖርም። ታምሲንም «ሂድ» ብላኛለች። በሰዓቴ እገኛለሁ። የሚነግሩኝ ሰው አያስፈልገኝም።

አሁን የታምሲንን መልእክት ልንገርዎት። «የኋላው ክፍል ከእንግዲህ የሕፃኑ ነው። የአባዬን ዕቃ ጓሮ የቆመው ተጎታች ቤት፣ ካራቫኑ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ሲመጣ እዚያ ይደር።»

«ራስሽ ንገሪው» አልኳት።

«እኔ ከእሱ ጋር አልነጋገርም።»

«እኔስ መቼ ተነጋግሬ አውቃለሁ?»

«አንተ ትጻጻፋለህ» አለችኝ።

ነገርኩዎት።

ኢቮ


ናንካራ፣ ማርች 27 ቀን 2014

ለኢቮ ራዲች

ካራቫኑ ይበቃኛል። ጣሪያው ያፈሳል፤ እኔ ግን ጨው አይደለሁም።

የሕፃኑን አልጋ ልትገጥም መሆኑን ሰምቻለሁ፦ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አታጥብቃቸው። በዚያ ቤት ሙቀት እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ሌላውን አንብቤዋለሁ።

ማክሰኞ መርከቧ ላይ ስንተላለፍ እንደ ወትሮው ነው። እጅህን እንዳትዘረጋ።

መርቪን ፓስኮ


ናንካራ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2014

ለአቶ ፓስኮ

እጄን አልዘረጋሁም፤ አይተዋል። እርስዎ ወደ ሄሊኮፕተሩ፣ እኔ ከሄሊኮፕተሩ፣ በዚያች ጠባብ ደረጃ ላይ ትከሻችን ተነካክቶ አለፍን። ከኋላዬ የነበረው የመንሳፈፊያ ልብስ አቀባይ «ሁለት ግትር በጎች በአንድ ድልድይ፣ ደግነቱ አንዱ ሁልጊዜ ክንፍ አለው» አለ። ሳቁበት። የሳቁት በሁለታችንም ላይ ነው።

በላኩት ብጣሽ ወረቀት ቦያው ያዘ ወይ፣ ቀኑስ ተቆረጠ ወይ ብለው ጠይቀዋል። አልነግርዎትም። ካራቫንዎ ውስጥ ቁጭ ብለው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እርስዎ ሳያውቁ ይደሩ። ዜና ሲርብ እንዴት እንደሚርብ ይቅመሱት።

ይህን ጽፌ ለመልእክት ከረጢቱ ልሰጥ ስል ከካርናርቮን ተደወለልኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሌላ ነው።

ታምሲን አክስቴ ቤት መሆኗን ያውቃሉ፤ ኤክስማውዝ ማዋለጃ ስለሌለ ሁሉም እዚያ ነው የሚሄደው። ትናንት የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ሆስፒታል አስተኝተዋታል። ካልወረደ፣ ቀኑን ሳይጠብቁ በሚቀጥለው ዓርብ በቀዶ ጥገና ያዋልዷታል። ለእርስዎ እንዳይነገር ብላለች። እኔ ግን አባቷ ነዎትና እነግርዎታለሁ፤ አባት ልሆን ነውና።

ዴስ ጋ ሄጄ ነበር። እንደ እሱ ያለ ሰው እንኳ ተጨንቆ እጁን አሻሸ። «ልልክህ እፈልጋለሁ ኢቮ። ግን ክሬን ነጂ የሌለባት መርከብ ጉድጓድ አትከፍትም። የማዳኛ ጀልባዋን ማን ያወርዳታል? ለዚህች ክሬን የተመሰከረላችሁ ደግሞ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፤ አንተና እሱ» አለኝ። «እሱ» ሲል ጣሪያውን አየ።

ይህ ልመና አይደለም። ሁለተኛ አልጠይቅዎትም ብያለሁ፤ አልጠየቅሁም።

ኢቮ


ኤክስማውዝ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2014

ለኢቮ ራዲች

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ወደ ካርናርቮን ነዳሁ። የሆስፒታሏ ነርስ «ቤተሰብ ነዎት?» አለችኝ። «እስካሁን ነኝ» አልኳት።

ታምሲን ገርጥታለች። እጇ ላይ መርፌ አለ። ስታየኝ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ማን ነገረህ?»

«ባልሽ።»

«ተነጋገራችሁ?»

«ጻፈልኝ።»

«አየኸኝ፣ አይደል? እንግዲህ ሂድ።»

«ዓርብ ከጎንሽ እሆናለሁ» አልኳት። «እናትሽ አንቺን ስትወልድም በር ላይ ቆሜ ነበር።»

ዓይኗን ጨፈነች። «አባዬ፣ ኢቮን ነው የምፈልገው። አንተን አይደለም። ልጎዳህ ብዬ እንዳይመስልህ፤ የምጎዳበት ጉልበት የለኝም። እፈራለሁ። ስፈራ የምፈልገው እሱን ነው።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ሂድ ብሎኛል። ፖሊስም ብሎኛል፤ አልሄድኩም። ያን ቀን ሄድኩ። ከሆስፒታሉ ወጥቼ ሙዝ ከሚሸጥበት ሱቅ ፊት ቆምኩና ለዴስ ደወልኩ።

«ያ ወረቀት አለ?»

«የቱ ወረቀት?»

«ታውቀዋለህ።»

«በፋክስ ወደ ሄሊኮፕተር ጣቢያው እልክልሃለሁ» አለኝ። «መርቭ፣ ትክክለኛ ነገር ነው የምታደርገው።»

«ትክክለኛ አይደለም። ወረቀቱን ላክ» ብዬ ዘጋሁት።

ዛሬ ጠዋት ፈረምኩ። የዕረፍት ጊዜዬ ሳያልቅ በፈቃዴ ወደ ሥራ ተመልሻለሁ፣ አንቀጹም እንዲነሳልኝ ራሴ ተስማምቻለሁ ይላል። እንዴት ቀላል እንደሆነ ገረመኝ። ላንተም ያን ጊዜ ይህን ያህል ቀሎህ ነበር? አትመልስልኝ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ለማኅበሩ ጻፍኩ። አንቀጹን የጣስኩት እኔ ነኝ፣ አባልነቴን እንደፈለጋችሁ አድርጉት አልኳቸው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ።

አሁን ይህን በደንብ አንብበው። ይህ አንተን ነጻ አያወጣህም። ሁለታችንም ፈረምን ማለት ሁለታችንም አጠፋን ማለት ነው እንጂ ማናችንም አላጠፋንም ማለት አይደለም። ልታመሰግነኝ አትሞክር፤ ላንተ ብዬ አይደለም። ታምሲን አንተን ጠራች፤ አንተን የማመጣበት ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ነገ በሚመጣው ሄሊኮፕተር ላይ እኔ አለሁ። ይህን ደብዳቤ ደረጃው ላይ በእጅህ እሰጥሃለሁ፤ ስትበር አንብበው። መኪናዬ ጣቢያው አጠገብ ቆሟል፤ ቁልፉ ከፊት ጎማው ላይ ነው። ሲመሽ መንገዱ ላይ ካንጋሮ ይወጣል። ቀስ ብለህ ንዳ። መኪናው የእኔ ነው።

መርቪን ፓስኮ


ናንካራ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2014

ለኢቮ ራዲች

ደብዳቤህ በዛሬው ሄሊኮፕተር ደረሰኝ። ሴት መሆኗን ዴስ ቅዳሜ በድምፅ ማጉያው ለመርከቧ ሁሉ አስነግሮ ነበር። የታምሲን ግፊት መውረዱን ግን ካንተ ነው የሰማሁት። እሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ስለ ስሟ ለጠየቅኸው፦ የሚስቴንም፣ የእናቴንም ስም አታውጡላት። የሞተ ሰው ስም ለሕፃን ይከብዳል። የራሷን ስጧት። እኔን የሚያማክረኝ ሰው አያስፈልገኝም፤ እናንተም የምታማክሩት አያስፈልጋችሁ።

ታምሲን «ይምጣና ይያት» ማለቷን አይቻለሁ። ከመርከቧ ስወርድ አንተ ባሕር ላይ ትሆናለህ፤ ያን ጊዜ አያታለሁ። በአንድ ገበታ እንቀመጥ ብለህ የጻፍከውን ግን እንዳልጻፍከው እቆጥረዋለሁ። ለአንተ የነበረኝ ሐሳብ እንደነበረ ነው። አንተም ያንተን እንደነበረ ያዘው፤ ከአሁን ወዲያ ጨዋ ብትሆንብኝ አላምንህም።

አሁን ወደ ሌላው ጥያቄህ። በኤክስማውዝ «ሽማግሌው በመጨረሻ የፈለገውን አገኘ» እያሉ ነው ብለሃል። አንተም ምን ይመስል እንደነበር ንገረኝ ብለሃል፤ ለልጅህ ስታድግ ልትነግራት።

ባለፈው ሐሙስ ከአንተ ጋር ተላልፌ ደረጃውን እንደወጣሁ በቀጥታ ዴስ ጋ ነበር የሄድኩት። «ጉድጓዱ ሲከፈት ክሬኑ ይታሰራል፣ አይደል?» አልኩት።

«ይታሰራል። አንተም ነጻ ነህ። ከእኔ ጎን ትቆማለህ፤ ቦታ ይዤልሃለሁ።»

«ጀልባዋ ካላስፈለገች ካቢናችን ውስጥ ነኝ። ማንም እንዳይጠራኝ።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «ሃያ አንድ ዓመት ጠብቀህ?»

«አንቀጹን የጣስኩት ለልጄ ነው። ወጥቼ ካየሁ ለችቦው የጣስኩት ይሆናል።»

«ማን ይቆጥርብሃል፣ መርቭ?»

«እኔ» አልኩት።

የከፈቱት ማክሰኞ ወደ ማታ ነው። በልብሴ አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ነበር። በኮሪደሩ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲሮጥ ሰማሁ። ኔቪል በሩን በጡጫ ደበደበው።

«ሽማግሌው! ውጣ እንጂ! እየመጣ ነው!»

ትራሱን አስተካከልኩ።

«ሞተሃል እንዴ?»

«አልሞትኩም። ተኝቻለሁ።»

«በእግዜር፣ በዚህ ሰዓት የሚተኛው ማን ነው?»

«ተራው ያልሆነ ሰው» አልኩት። ተሳድቦ ሄደ።

ከዚያ መርከቧ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ሁሉም ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ከሆዷ፣ ከታች፣ አንድ ነገር ቱቦውን አንኳኳ፤ ቆመ፤ ደግሞ አንኳኳ። ቀጥሎ የአልጋው ብረት በጀርባዬ በኩል መንዘር ጀመረ። ያንን ንዝረት የትም ብሆን አውቀዋለሁ። ጋዝና ዘይት አንድ ላይ ሲወጡ ነው። ወዲያው ላይ የነበሩት ሰዎች ጮኹ፣ አፏጩ፣ ወለሉን በጫማቸው ደበደቡት፤ ከጩኸቱ በላይ የችቦው ድምፅ መጣ።

ፀሐይዋ ጠልቃ ስለነበር የመስኮቱ መጋረጃ በችቦው ብርሃን ቀላ። ከአልጋው እስከ መስኮቱ አንድ ክንድ አይሞላም፤ ሳልነሳ እጄን ብዘረጋ እገልጠው ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ግድግዳውም ቀልቶ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ምን ይመስል እንደነበር ኔቪልን ጠይቀው።

መርቪን ፓስኮ